ነጭ አንሶላ የያዘችው

ሰፈሩ በሙሉ የልጅቱን አባት «ፈገግ በሉ» እያለ ነው የሚጠራው። ዕድሜውን ሙሉ ካሜራ ጀርባ ቆሞ ኩርፊያ የለመደውን ሁሉ ሲያስቅ የኖረ ፎቶ አንሺ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ የገዛ ሚስቱን አንድም ቀን በወጉ አላነሳም። «ነገ» ይላል፤ «ፊልም ሲተርፍ» ይላል። ፊልም ደግሞ ተርፎ አያውቅም።

ሚስቱ ባለፈው ክረምት አረፈች። የቤቱ ግድግዳ በሰው ሠርግ ተሞልቷል፤ የእሷ ግን ያለው የመታወቂያዋ ፎቶ ብቻ ነው። እሱንም በሕይወት ሳለች «የተከሰሰ ሰው አስመስለውኛል» እያለች ትደብቀው ነበር፤ ማኅተሙም አፏ ላይ አርፏል።

«ሳቋ እየጠፋኝ ነው» አለ አባቷ አንድ እሁድ። «ድምፁ አለ። ፊቷ ስትስቅ እንዴት እንደሚሆን ግን እየጠፋኝ ነው።»

ልጅቱን አንጀቷን በላት። ወዲያው ወደ አሮጌው ፎቶ ቤት ገብታ የኔጋቲቭ ሳጥኖቹን ታወርድ ጀመር። የምትፈልገውን ታውቃለች። እናቷ ብርሃን ያዥ ነበረች። ፀሐይ በአንድ ወገን ስትበረታ፣ ነጭ አንሶላ በሁለት እንጨት ወጥራ ከሙሽሮቹ ጎን ትቆማለች፤ ብርሃኑ ከአንሶላው ነጥሮ ጥላ የወደቀበት ፊት ላይ ያርፋል። አባቷ ፎቶውን ሲያትም እሷ የቆመችበትን ጠርዝ ይቆርጠዋል። ኔጋቲቩ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

በየጠርዙ ጣት አገኘች፣ ክርን አገኘች፣ የቀሚስ ጫፍ አገኘች። ሲመሽባት ሁሉን ትታ ልትነሳ ስትል ግን አንዱ ላይ አንሶላው ታጥፎ፣ ከበላዩ የምስር ፍሬ የማታክል ፊት ብቅ ብላለች።

«አባዬ፣ አገኘኋት!»

መነጽሩን አስተካክሎ አየ። «ይሄማ ጉድፍ ነው።»

የፎቶ ማጉያው ከተሰበረ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር የሚያነሳ ሌንስም የላቸውም። በማግስቱ ጠዋት ኔጋቲቩን በሁለት የፍሬም መስተዋት መሃል አጣብቃ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ከዚያ ካሜራዋን አንስታ ሌንሱን ፈታች፣ ገለበጠችው፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አድርጋ ዙሪያውን በናስትሮ አሰረችው።

«ሌንስ ይገለበጣል እንዴ!» ብሎ ጮኸ አባቷ።

ይህን ጩኸት ታውቀዋለች። ልጅ ሆና በተገለበጠ ሌንስ ጉንዳን አጉልታ ስታይ በደረሰባት ቁጥር እንዲሁ ይጮህባት ነበር። እናቷ ታዲያ «ተዋት፣ አትበላው» ትልና አውራ ጣቷን ትዘረጋላታለች፤ «ይልቅ የኔን አሻራ እዪልኝ፣ ስንት መንገድ አለው?» እነዚያን የከሰዓት በኋላ ጊዜያት ስታስባቸው አሁንም ደረቷ ይሞቃል።

የመጀመሪያው ሌንስ ምስሯን ባቄላ አደረጋት፤ ከዚያ አላለፈም። «ሰፊውን ልሞክር» አለች። ሰፊው፣ አጎትና አክስት ሳይቀር አጭቆ የሚያስገባው የሠርግ ሌንስ ነው። ሲገለበጥ ግን ጠባዩ ተለወጠ፤ ሠርገኛው ሁሉ ከካሜራው መስኮት ወጣና አንድ ፊት ብቻ ቀረ። ያ ፊት ደግሞ ጭጋግ ነበር። የሌንሱን ቀለበት ብታዞረው ዋጋ የለውም፤ ካሜራውን ራሱን በወፍራም መጽሐፍ ላይ አድርጋ በፀጉር ስፋት ወደፊት ወደኋላ ትገፋለች። ብትተነፍስ እንኳ ይጠፋል።

አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ሲያጉረመርም ቆየና፣ ሙያው አላስችል አለው። «ብርሃኑ ደረቅ ነው» አለ። «ከመስኮቱ በቀጥታ እየመታው።» ጓዳ ገብቶ ቢጫ መሆን የጀመረውን ያንኑ አንሶላ ይዞ መጣ። በመስኮቱና በኔጋቲቩ መሃል ወጥሮ ቆመ።

«ዝቅ አድርገው፣ አባዬ። አትነቃነቅ።»

«እሷስ ይሄን ሁሉ ሰዓት እንዴት ችላው ነበር?» አለ አንሶላውን ዝቅ እያደረገ።

ካሜራው ቀጭ አለ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር ለወጠችው። አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ሻሿ ወደ ጆሮዋ ተንሸራቶ፣ እናቷ ከት ብላ ትስቃለች።

አባቷ አንሶላውን እንደወጠረ ቀረ።

«ነፋስ ነው» አለ። «አንሶላውን አጠፈባት። ‹ገብተሽ አበላሸሽው!› ብዬ ጮህኩባት። በሰው ፊት።» እንባው ወረደ፤ ሊጠርገው እጁ አልተፈታም።

ልጅቱም እያለቀሰች ነበር። አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ፎቶው ዳር አመለከተች። «እዚህ ጋ የሙሽራዋ ክንድ ገብቷል። ምን ላድርገው?»

«ቁረጪው» አለ አባቷ ፈገግ በሉ።