ሃያ አራት ጠያቂ፣ ሦስት አራስ

እመት አሲያ በሐይቅ ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያዋልዱ ፊደል አለማወቃቸው አንድ ቀን ጎድቷቸው አያውቅም። የሕፃን ትከሻ ሲቀረቀር ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ወላዷን ከጀርባዋ አስነስተው በእጇና በጉልበቷ ያቆሟታል፤ ወገቧ ይከፈታል፣ ትከሻው ይላቀቃል። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ማህደር ይህን በዓይኗ አይታ ጻፈችው፤ ጽሑፏም ባሕር ተሻገረ። ከአምስት አገር የመጡ ሃያ አራት አዋላጆችና አንድ ዶክተር ጉባኤያቸውን እዚሁ ሐይቅ ሊያደርጉ መጡ። የእመት አሲያን አያያዝ አይተው፣ ከተስማሙበት በማስተማሪያ መጽሐፋቸው ሊያስገቡት ነው።

እንግዶቹ በገቡ ማግስት፣ ገና በጠዋቱ ወረቀት መጣ። በጦርነቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇልና አዳራሽ ተከለከለ፤ ከአስር ሰው በላይ መሰብሰብም፣ ድምፅ ማጉያም። ኢንተርኔቱማ ከጠፋ ሰንብቷል። እንግዶቹ ደግሞ ነገ ተመላሽ ናቸው።

ማህደር የተቆለፈው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«አንቺ፣ ማን ሞተብሽ?» አሏት እመት አሲያ።

«ጉባኤው ቀረ እኮ እማማ! ሁለት ዓመት የለፋሁበት!»

«አንቺ ሁለት፣ እኔ አርባ። ከርሞ በሕይወት ልኑር አልኑር አላህ ነው የሚያውቀው። ንፍጥሽን ጥረጊና ተነሺ!»

ቀጥ ብለው የጸጥታው አለቃ ሻለቃ ጌዴዎን ዘንድ ሄዱ።

«ልጄ፣ አራስ መጠየቅ ተከልክሏል?»

ሻለቃው ቀና አለ። «አራስማ ማን ይከለክላል እማማ።»

«እንግዶቼ አራስ ሊጠይቁ ነው። አልዋሽህም፣ ስለ ምጥም ያወራሉ። ሴት አራስ ቤት ገብታ ስለ ምን ታውራልህ፣ ስለ መድፍ?»

ሻለቃው ሳቁን ዋጠው። «ስንት ናቸው?»

«ሃያ አራት ሴት። አንድ ወንድ ደግሞ አለ፣ እሱ ደጅ ይቀመጣል።»

«አይሆንም! በአንድ ቤት ከአስር አይበልጥም።»

«አንድ አራስ ብቻ ያለን መሰለህ? ጦርነት ነው ብሎ መውለድ የተወ የለም። በዚህ ወር ብቻ ሦስት አዋልጃለሁ። ስምንት ስምንት አድርጌ እከፍላቸዋለሁ፤ እኔና አስተርጓሚዬ ስንጨመር አስር።»

«አራሷስ?»

«በገዛ አልጋዋ የተኛች ሴት ተሰበሰበች ይባላል? ኧረ ምንድን ነው ያስተማሩህ!»

«እሺ በቃ፤ እስከ አስራ አንድ ሰዓት። ግን መጥቼ እቆጥራለሁ።»

«ና ቁጠር። ባዶ እጅህን ብቻ እንዳትመጣ።»

ከዚያማ እንግዶቹን እየነዱ ገበያ አወረዷቸው። አራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ለገንፎው ዱቄት የያዘ ያዘ፣ ቅቤ የገዛ ገዛ። ከመካከላቸው አንዲቱ ምሁር ለጉባኤው ልታነበው ያመጣችውን ሃያ ገጽ ጽሑፍ አቅፋ ምንም ሳትገዛ ቀረች። «ይኼ ይበላል በያት» አሉ እመት አሲያ ለማህደር። ምሁሯ ስትሰማ ስቃ ወረቀቷን ቦርሳ ከተተችና እሷም ቅቤ ገዛች። የወረቀቱን ነገርማ በኋላ ከአራሶቹ በአንዷ በጥሩብርሃን ቤት ገንፎ እየበላች በቃሏ ተናገረችው፤ ማንም አላንቀላፋ።

እመት አሲያ ከቤት ቤት እየዞሩ አያያዙን አሳዩ። ማህደር እንደ ወላድ ተንበረከከችላቸው። በጥሩብርሃን ቤት ስምንቱም ተስማምተው እጃቸውን አወጡ፤ በሀሚድ ሚስት ቤትም ስምንቱም። የቀረው የኢንሳፍ ቤት ነው፤ የእሷ ልጅ ከተወለደ ገና አስራ ሁለተኛ ቀኑ።

ደጅ የተቀመጠው ዶክተር፣ የጉባኤው ሊቀመንበር ግን ፊቱን አጠቆረ። ካላየሁ አልፈርምም አለ፤ እሱ ካልፈረመ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። ወላድን ከጀርባዋ ማስነሳት ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው።

«ወንድ አራስ ቤት አይገባም» አሉ እመት አሲያ። «እኛ እንወጣለታለን። ማየት ከፈለገ ግን ራሱ ይንበርከክ።»

ማህደር ለመተርጎም አፈረች። «ተርጉሚ እንጂ!» ተቆጧት።

ግዙፉ ዶክተር ኮቱን አወለቀ፤ መጀመሪያ በኢንሳፍ ደጅ በተዘረጋ ሰሌን ላይ በጀርባው አስተኙት፣ ቀጥለው ገልብጠው በእጁና በጉልበቱ አቆሙት። ወገቡን ይዘው «ልቀቀው! አጥንትህ ሲከፈት አይሰማህም?» አሉት። ዶክተሩ አቃሰተ።

ኢንሳፍ ከአልጋዋ ሆና በበሩ ታያለች። «በርታ ዶክተር! እኔ እንኳ እንዲህ አላቃሰትሁም!»

ይኼኔ ሻለቃው ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ከች አለ። ጣቱን እየቀሰረ ቆጠረ። «እማማ፣ አስራ አንድ ናችሁ!»

«ምጥ የያዘውን ከጠያቂ ትቆጥራለህ?»

ሻለቃው ሰሌኑ ላይ ያለውን ሰውዬ አየና አጥሩን ተደግፎ በሳቅ ተንፈራፈረ።

ዶክተሩ ግን አልሳቀም። አንገቱን አዙሮ በፈረንጅ አፍ ቶሎ ቶሎ ተናገረ። ማህደር ተረጎመችው። «ልዩነቱ ገባኝ ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጀርባ ሳስተኛ ነው የኖርኩት ይላል።»

«እንግዲያስ እጁን ያውጣ!»

ስምንቱ ሴቶች እጃቸውን አወጡ። ዶክተሩም ከተንበረከከበት አንዱን እጁን ሲያነሳ ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ተዘረረ፤ የተነሳች እጁ ግን አልወረደችም።

«አልሀምዱሊላህ! ሃያ አምስት!» እመት አሲያ አጨበጨቡ። «ጻፊ ማህደር!»

ማህደር ውሳኔውን የእመት አሲያን ስም አስገብታ ጻፈች፤ ዶክተሩም ፈረመ። እመት አሲያ ወረቀቱን ተቀበሉና ከፊታቸው ዘረጉት።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

ማህደር አሳየቻቸው። ጣታቸውን ጫኑበትና ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ይቺ ናት? ለምን አሳነስሽው! ሰፋ አድርገሽ ጻፊው።»