ከቀዩ መረብ ስር

ግሪንሃውሱ አራት ክፍል ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል የጥላ መረብ ቀለሙ ለየቅል ነው። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ። የእርሻው ባለሙያ የትኛው ቀለም የተሻለ ቲማቲም እንደሚያወጣ ሲመዝን፣ ሲቀምስ፣ ሲጽፍ ዓመታት አለፉት። የጥቁሩ ቲማቲም ልፍስፍስ ነው፤ በሰማያዊው ስር ተክሉ ድንክ ሆኖ ይቀራል፤ የነጩ ከተለቀመ በኋላ ቶሎ አይበላሽም፤ የቀዩ ደግሞ ይበዛል፣ ይወፍራል።

ለቃሚዎቹ ግን ቀዩን አይወዱትም። እዚያ ውስጥ ጥሬውም የበሰለ ይመስላል። አዲስ ለቃሚ በመጀመሪያ ቀኗ ሳጥን ሙሉ ጥሬ ይዛ ትወጣና የሳቅ መዓት ይወርድባታል። የቆዩት በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚለቅሙት። በዚህ የሚስተካከላት የሌለች አንዲት እናት አለች፤ ስሟን ትተው «እትዬ ጣቶ» ይሏታል።

እትዬ ጣቶ ቀዩን ክፍል ትወደዋለች፤ ለቲማቲሙ ብላ ግን አይደለም። አንድ ልጇ ሩቅ አገር ሄዳ የሰው እናት ትጦራለች፤ ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት በቪዲዮ ትደውላለች። እናት ከክረምት ወዲህ ኩላሊቷ ታሞ፣ ደሟ አልቆ፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ከቀዩ መረብ ስር ስትቆም ግን ጉንጯ ፍም ይሆናል።

«እማ፣ እንዴት አምሮብሻል!» ትላታለች ልጇ።

እሷም ትስቃለች። ስልኩ ሲዘጋ ሳጥኗን ገልብጣ ቁጭ ትልና ታለቅሳለች። ልጇ እንድትመጣላት ነው የምትፈልገው፤ ሌላ ምንም አትፈልግም። ያቺን አንዲት ቃል ግን አፏ አያወጣትም። የልጄን መንገድ አልዘጋም ትላለች። እኔን ብትጠይቁኝ ግትርነት ነው፤ ማን ጠየቀኝ እንጂ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትላታለች አብራት የምትለቅመው ጎረቤቷ።

«አንቺ ልቀሚ!» ነው መልሷ።

አንድ ዓርብ ልጅቷ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«እማ፣ አለቃዬ የሦስት ዓመት ውል ፈርሚ ብላኛለች። መልሱን ዛሬ ነው የምትፈልገው። ከፈረምኩ በመሀል መምጣት የለም። አንቺ ደህና ከሆንሽ ልፈርም፤ ካልሆንሽ እመጣለሁ።»

ሐኪሙ ለእትዬ ጣቶ የነገራት ዕድሜ ሦስት ዓመት አይሞላም።

«እኔማ ምን ሆኜ! አታዪኝም እንዴ?» አለች።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ አየቻት። ከአገር ከመውጣቷ በፊት እሷም ሁለት ዓመት እዚሁ ለቅማለች።

«እማ፣ የት ነው የቆምሽው?»

«ሥራ ቦታ ነዋ።»

«ከቀዩ ስር ነሽ፤ ሁልጊዜ ከቀዩ ስር ነሽ። እስቲ ወደ ውጭ ውጪ።»

«ፀሐዩ እኮ...»

«እማ፣ ውጪ።»

ስልኩን ዘግታ በኔትወርክ ማሳበብ ትችል ነበር፤ ጣቷም ወደዚያው ሄዶ ነበር። ልጇን ግን ሌላ አንድ ሳምንት ሳታያት መቆየት አላስቻላትም። በሩን ገፋ አድርጋ ወጣች። የቀትር ፀሐይ ፊቷ ላይ አረፈ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ብርሃኑ ነው የኔ ልጅ» አለች እናት ቶሎ ብላ። «እዚህ ውጭ ብርሃኑ ሰው ያገረጣል።»

«መቼ ነው የታመምሽው?»

«ክረምት ላይ።»

«ስምንት ወር ሙሉ አምሮብሻል እያልኩሽ!» ልጅቷ ተንሰቀሰቀች።

«አታልቅሺ በቃ። ሥራሽስ?»

«ሥራው ቢጠብቀኝም ባይጠብቀኝም ግድ የለኝም። አንቺ ትጠብቂኛለሽ?»

እትዬ ጣቶ እንደ ልማዷ «ስለ እኔ አታስቢ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ተወችው።

«እኔ እንጃ» አለች። «ናፍቀሽኛል። ቶሎ ነይ።»