የዊልስደኑ ማማ

ወይ ጉድ! የለንደን ብርድ የሰውን አጥንት ሰርስሮ ሲገባ፣ በቀቀኖቹን ግን ንክች አላደረጋቸውም። ኤልፍነሽ ዊልስደን ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቷ ስትገባ፣ በረንዳዋ ፊት ባለው ትልቅ ዛፍ ላይ የነበሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። አረንጓዴ ናቸው፣ መንቆራቸው ቀይ፣ ጅራታቸው ረጅም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳቸው ነበር። ከዓመት ዓመት ተዋለዱ፤ በየጓሮው የሚሰቀልላቸውን ለውዝ እየበሉ ወፈሩ፤ የግንደ ቆርቁርን ጎጆ ሳይቀር ቀሙ። አሁን ማለዳ ሲነሱ ሰማዩን ይሞሉታል፤ ጩኸታቸው ጆሮ ያደነቁራል።

አብረዋት የሚኖሩት አባቷ አቶ ሳህሉ ደግሞ የመተማ ቆላ ሰው ናቸው። ልጅነታቸው ያለፈው ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተው፣ ይህንኑ በቀቀን በወንጭፍ ሲያባርሩ ነው። የማማ ሕግ የታወቀ ነው፤ ተረኛ ሳይመጣ ጠባቂ አይወርድም። ቢርበው አይወርድም፣ ቢያመውም አይወርድም። ወፍ አንዴ ክፍተት ካገኘ የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል።

አሁን እርጅናው አእምሯቸውን ወስዶታል። የልጃቸውን ስም ይስታሉ፣ ለንደን መሆናቸውንም አያውቁም። በቀቀኑን ግን የት ይረሱታል! ኤልፍነሽ ፓርክ ሮያል ወዳለው ሳንድዊች ፋብሪካ ለሥራ ስትሄድ፣ እሳቸው በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ይቆሙና፣ ከሻሿ ቀደው በሠሩት ወንጭፍ ያገኙትን ይወነጭፋሉ።

መጀመሪያ የጎረቤት መስኮት ሰበሩ። ኤልፍነሽ እግር ላይ ወድቃ ለምና አስታረቀች። የበረንዳውን በር ቆለፈች፤ በትከሻቸው ገነጠሉት። ወንጭፉን ደበቀች፤ በካልሲ ሌላ ሠሩ። ከታች ያለችውን ጎረቤት፣ «በፈጠረሽ፣ ለወፎቹ ምግብ አትስቀይላቸው» አለቻት፤ ሴትየዋ «ሲያምሩ እኮ!» ብላ ሳቀችባት። በመጨረሻ አንድ ድንች ሄዶ ሕፃን የተኛበት ጋሪ ላይ አረፈ። ሕፃኑን እግዜር አተረፈው፤ የአቶ ሳህሉ ነገር ግን አበቃለት። ኬር ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ይግቡ ተባለ።

ጉዳያቸውን የያዘችው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ ሶሻል ወርከሯ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ልትወስዳቸው የመጣችው በማለዳ፣ ካፊያው እየጣለ ነው።

«እባክሽን፣ አባቴ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸዋል። እዚያ ማን ያናግራቸዋል?» አለች ኤልፍነሽ፣ የሴትየዋን እጅ ይዛ። «ሥራዬን እተዋለሁ። ከጎናቸው አልነቃነቅም። በቃ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ!»

«አዝናለሁ፤ ተወስኗል» አለች ሶሻል ወርከሯ። ማዘኗስ እውነት ነበር፤ ምን ሊፈይድ!

አቶ ሳህሉ በፒጃማቸው ወንበሩ ላይ ቆመው «ሃይ! ሃይ!» ይላሉ። አንደኛው ሰውዬ ክንዳቸውን ሲይዝ ጮኹበት። «እህሉን ለማን ጥዬ ነው የምወርደው? ልቀቀኝ!» ሲታገሉ እግራቸው ከወንበሩ ተንሸራተተና ደረታቸው የበረንዳው ብረት ላይ ወደቀ። ከሥር ሦስት ፎቅ ነው። ኤልፍነሽ ጮኸች።

«አትንኳቸው! ማንም እንዳይነካቸው!»

እንባዋን ጠረገች። ሻርፗን ወገቧ ላይ ታጠቀችና ቀረበች።

«አባባ፣ ተረኛዋ ነኝ። መጥቻለሁ፣ ይውረዱ።»

አቶ ሳህሉ ዞር ብለው አዩዋት። እንዲህ ትኩር ብለው ካዩዋት ስንት ጊዜ ሆነ!

«ምነው ዘገየሽ? እግሬ ዛለ እኮ» አሉና ወንጭፉን እጇ ላይ አስቀመጡት። «እነዚያ ዛፉ ጫፍ ላይ ያሉት ተንኮለኞች ናቸው፤ ዓይንሽን ከእነሱ ላይ እንዳታነሺ። እኔ እህል ቀምሼ መጥቼ እተካሻለሁ። እስክመጣ እንዳትወርጂ፣ አደራ!»

«እሺ አባባ።»

ጫማቸውን አድርገው፣ ለሰዎቹ ዝቅ ብለው እጅ ነስተው ሄዱ። አልታገሉም። ሥራውን ለተረኛ አስረክበው የለ!

ኤልፍነሽ ወደ ታች ስታይ፣ አባቷ መኪናው በር ላይ ቆመው ሽቅብ ያዩዋታል። ሰዎቹ ይግቡ ቢሏቸው እንቢ አሉ። ወንበሩ ላይ አለመውጣቷን አይተው ነው። ተጣድፋ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ባዶውን ወንጭፍ ከራሷ በላይ አዞረች። አቶ ሳህሉ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና መኪናው ውስጥ ገቡ።

በቀቀኖቹ ግር ብለው መጥተው ዛፉን ሞሉት። «ሃይ!» አለች። «ሃይ! ሃይ!» እያለች አለቀሰች። መኪናው ታጥፎ ከጠፋ በኋላም፣ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለውጦም፣ ከወንበሩ አልወረደችም።