በመዝገቡ ላይ የሞትኩባቸው ሁለት ዓመታት

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ የልጄን መድኃኒት በነጻ የምወስድበትን የድጋፍ ካርዴን በመስኮቱ መልሳ ሰጠችኝ።

"እትዬ፣ የዚህ ሩብ ዓመት ማህተም የለውም። ድጋፍ ቢሮ ሄደው ያሳድሱት።"

"ማሳደስ ደግሞ ምንድን ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አሳድሼ አላውቅም።"

"ታዲያ ማን ሲያሳድስልዎት ነበር?" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ቤት የቀረው ስድስት ፍሬ ነው፤ የሦስት ቀን። ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት አንድ ቀን የወደቀችው የፈላ ውሃ ላይ ነበር። ጠባሳው ዛሬም ክንዷ ላይ አለ።

ድጋፍ ቢሮ የድሃ መዝገብ የሚያዝበት ረጅም ኮሪደር ነው። የበሩ ጥበቃ "ተራሽን ጠብቂ፣ እዚህ ቸኩሎ የጸደቀ የለም" ብሎ አግዳሚውን አሳየኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ጫፉ ላይ ማንም የለም። እዚያ ተቀመጥኩ። እንጨቱ ሞቅ አለኝ፣ ሰው ገና አሁን የተነሳበት ይመስል። የአናጺ ሙጫም ሸተተኝ። ባሌ አናጺ ስለነበር ያን ሽታ የትም አውቀዋለሁ። እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። የናፈቀው አፍንጫዬ ነው ብዬ ተውኩት።

ተራዬ ደረሰ። መዝጋቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰካች ወጣት ናት። ስሜን ጠየቀችኝ፣ መዝገቡን ገለጠች፣ አየችኝ፣ ደግማ መዝገቡን አየች።

"እርስዎ ሞተዋል።"

"ማን? እኔ?"

"ከሁለት ዓመት በፊት። የቤተሰቡ ኃላፊ ባለቤትዎ ናቸው። በየሦስት ወሩ እየመጡ የሚያሳድሱት እሳቸው ናቸው።"

"ኧረ በፈጠረሽ! የሞተው እሱ ነው! እኔማ ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ።"

"መቆም ማስረጃ አይሆንም፣ እትዬ።"

"ካልኖርኩ ባለፈው ምርጫ ተሰልፌ ድምፅ የሰጠሁት ማን ሆኜ ነው?"

"እሱ ሌላ ቢሮ ነው።"

ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ። መዝጋቢዋ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። በአንድ ረድፍ ስምንት የአውራ ጣት አሻራ አለ። በስምንቱም መሀል አግድም ነጭ መስመር ያልፋል። የባሌን አውራ ጣት መጋዝ ሰንጥቆት ነበር። ቁስሉን እስኪድን ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

"ምን ዓይነት ሰው ነው?" አልኳት።

"ዝምተኛ ናቸው። ክረምት ከበጋ ያው ግራጫ ኮት። ሁልጊዜ እዚያ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።"

"በዚያ ኮቱ ነው የቀበርነው።"

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ሄዳ ከመደርደሪያው የሞት ማስመዝገቢያ ቅጹን አመጣች። እኔ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩት። ከላይ ሰፊው ሳጥን "ሟች" ይላል፤ የኔ አሻራ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ከታች ያለው ጠባብ ሳጥን "አስመዝጋቢ" ይላል፤ ባዶ ነው። ትዝ አለኝ። ያን ቀን የነበረው ሠራተኛ ቅጹን ገፋ አድርጎልኝ ስልኩን አነሳ። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ዓይኔን ዕንባ ሞልቶት፣ ጣቴ ከሳጥኑ እንዳያልፍ ብዬ ሰፊውን መረጥኩ።

"ሙት እንዴት አሻራ ይሰጣል ብሎ የጠየቀ የለም?"

"እኛ የምናየው ቅጹ መሞላቱንና አሻራው የማን መሆኑን ነው" አለች ቀስ ብላ።

"እሺ፣ በዚህኛው ሩብ ለምን አላሳደሰም?"

"ደንቡ ተለወጠ። አሻራ ቀረ፤ ኃላፊው በእጁ ጽፎ መፈረም አለበት። ባለፈው ማክሰኞ መጥተው ይህን ስነግራቸው ጣታቸውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ 'ባለቤቴ እየተማረች ነው፤ እሷ ትመጣለች' አሉኝ። የሞተች ሚስት! ምስኪን፣ ሐዘን ነክቷቸዋል ብዬ አለፍኩት።"

ትምህርት ስጀምር እሱ ከተቀበረ ዓመት አልፎት ነበር።

"አሁን ምን ላድርግ? ለልጄ ያለኝ የሦስት ቀን ነው።"

"የእርስዎ አሻራ የሟች ስለሆነ አይሠራም። እዚሁ ፊቴ በእጅዎ ይጽፋሉ። አንድ ቤት ደግሞ ሁለት ኃላፊ የለውም፤ የእርስዎን ለመክፈት የእሳቸውን መዝጋት አለብኝ። መሞታቸውንም እርስዎ ይጻፉልኝ።"

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ስሜን ጽፌ "እኔ አለሁ" አልኩበት። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ እንጂ አልወደቁም። ሁለተኛው መስመር ላይ እጄ እምቢ አለ። የባሌን ስም በእጄ ጽፌው አላውቅም። የመጀመሪያዬ ሊሆን ነው፣ ያውም ከጎኑ "ሞቷል" ብዬ።

ከኋላዬ አግዳሚው ሲጥ አለ። ሙጫው እንደገና ሸተተኝ፣ አሁን ከአጠገቤ። አልዞርኩም። ብዞር እንደማልጽፍ አውቄዋለሁ።

"እትዬ፣ ከከበድዎት ይተዉት። ምናልባት እሳቸው ተመልሰው..."

"አይከብደኝም።"

የልጄን ክንድ አሰብኩ። በልቤ "በቃህ፣ የኔ ጌታ" አልኩት። "ስምንት ጊዜ ተመላለስክልን። ከእንግዲህ እኔ እመጣለሁ።" ከዚያ ጻፍኩት።

ማህተሙ ካርዱ ላይ ዷ ብሎ አረፈ።

"ይኸው፣ ጸደቅሽ!" አለኝ ጥበቃው ስወጣ።

ሳልፍ መዳፌን የአግዳሚው ጫፍ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቅዟል። እጄን ሳነሳ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ተከትሎኝ መጣ። ጨበጥኩት። መድኃኒት ቤቱ ስደርስ ካርዱን የሰጠሁት በሌላኛው እጄ ነው።