ለነዶው የተነገረ ማስጠንቀቂያ

ቢንዱ ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለዋርሳዋ ለሀሬንድራ አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም። የአገሩ ወግ ነው። የባል ታላቅ ወንድም ብቅ ሲል የታናሽ ሚስት የሳሪ ልብሷን ጫፍ ከራሷ ላይ እስከ አፍንጫዋ ትስባለች፤ ስሙን አትጠራም፣ አታናግረውም፣ መንካትማ ጭራሽ አይታሰብም። እሱም ፊቷን አያይም። ሌላ ጊዜ ይህ ወግ ይመቻት ነበር፤ ሰውዬው ለፍላፊ ነውና። ዛሬ ግን አንጀቷ አረረ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከማለዳ ጀምሮ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ሩዝ ያጭዳሉ። ከተራሮቹ የሚወርደው ጎርፍ ቢበዛ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ሲደርስ ይህ ሜዳ ሁሉ ባሕር ይሆናል፣ የዓመቱ ቀለብም አብሮ ይሰጥማል። ይህን ቢንዱም ታውቃለች። ነገር ግን በሰሜን ምዕራብ በኩል ደመናው ጠቁሮ ተቆልሏል።

ባለፈው ወር ከጤና ሠራተኛዋ የተማረችው አልጠፋትም። እዚያ ደመና ውስጥ የበረዶ ፍርፋሪ ከነፋሱ ጋር ሽቅብ ይወጣል፣ ከበድ ያለው በረዶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲጋጩና ሲፋተጉ ኤሌክትሪኩ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ዓይነት ከላይ፣ ሌላው ከታች ይጠራቀማል። ሲበዛበት ወደ ምድር መውረጃ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘውም ከሌላው ከፍ ብሎ የቆመውን ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ደግሞ ከሰው ሌላ የቆመ ነገር የለም።

ሰማዩ ብልጭ አለ። ቢንዱ በማሳው ዳር ባለው የአፈር ግድብ ላይ ቆማ ቆጠረች። ሃያ ሁለት ስትል ነጎደ። ሠላሳ ሳይሞላ ከነጎደ ቤት መግባት ነው፤ የተባለችው እንደዚያ ነው።

"ጎፔሽ!" ብላ ባሏን ተጣራች። "ወንድምህን ይዘህ ውጣ!"

ጎፔሽ ቀና አለ። "ጋሼ፣ እንውጣ ትላለች።"

"ይቺን መስመር ጨርሰን በላት።"

"ይቺን መስመር ጨርሰን ይላል።"

"ሰምቻለሁ! ደንቆሮ አደረጋችሁኝ እንዴ?"

ሀሬንድራን ቀጥታ ልትናገረው አትችል፣ ዝም ልትል አትችል፤ እሱ እንዲሰማ እግሯ ሥር ወደተጋደመው ነዶ ዞረች። "አንተ ነዶ! ከውሃው በላይ ተገትረህ የምትታየው አንተ ብቻ ነህ። ያ እሳት ሲወርድ ማንን የሚመታ መሰለህ? ልጆችህን ማን ያሳድግልህ? እኔ ነኝ?"

ሀሬንድራ ሳቀ። "ጎፔሽ፣ ነዶው የሚፈራው ጎርፉን ነው በላት።"

ቢንዱን ያበገናት ሳቁ ነው። እንደገና ብልጭ አለ፤ ዘጠኝ ስትል ነጎደ። ጎፔሽ ማጭዱን ጥሎ ወጣ። ሀሬንድራ ግን የመጨረሻዋን እፍኝ አጭዶ፣ አስሮ፣ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ፣ ሽርሽር እንደወጣ ሰው እየተንቀራፈፈ መጣ። ግድቡ ሥር ሲደርስ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነ።

ጆሮዋ እየጮኸ ዓይኗን ስትገልጥ ሀሬንድራ ግድቡ ጠርዝ ላይ ተዘርሯል። ጎፔሽ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ከጎረቤት ማሳ የሚሸሹ ሰዎች ጮሁ። "እንዳትነኩት! እሳቱ ገና ውስጡ ነው!"

"ምን እሳት አለ? ሰው ነው እንጂ ሽቦ ነው?" አለች ቢንዱ።

"ቢንዱ፣ ተይ!" አለ ጎፔሽ። "ጋሼ እኮ ነው!"

በንዴት አለቀሰች። ሰው እየሞተ ወግ! ገለበጠችው፤ አይተነፍስም። የጤና ሠራተኛዋ እንዳሳየቻት ሁለት እጇን ደረቱ ላይ ደራርባ በክብደቷ ሁሉ ትጫነው ጀመር። ሳሪዋ ከራሷ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ንግግር ከእጇ ጋር ይወጣ ነበር። "ሀሬንድራ! ግትር! ደረቅ! ነግሬህ ነበር! ሀሬንድራ!" ሠላሳ ጊዜ ከተጫነችው በኋላ ባሏን ጎተተችው። "አፉ ላይ ተንፍስ! ሁለቴ! ምን ታየኛለህ?"

ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አታውቅም። ድንገት ሀሬንድራ አቃሰተ፤ ደረቱ በራሱ ተነሳ። ያኔ እነዚያ ሁሉ የሚጮኹት ሰዎች ተሯሩጠው አነሱትና እየዘነበባቸው ቅርብ ካለው ቤት አስገቡት።

እዚያ ቢንዱ ትንፋሹን ልታይ ጎንበስ አለች። ሀሬንድራ ዓይኑን ገለጠ። የታናሽ ወንድሙን ሚስት ፊት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ ደንግጦም ጥርቅም አድርጎ ጨፈነ። ነውር እንዳይሆን ነበር። እሷ ግን የሞተ መሰላት።

"ግለጥ!" ብላ ጮኸችበት፤ አገጩን ይዛ እየነቀነቀች። "ዓይንህን ግለጥ! ከጨፈንከው መኖርህን በምን ልወቅ?"

ሀሬንድራ ቀስ ብሎ ገለጠ። እንባው በጆሮ ግንዱ ላይ ይወርድ ነበር። ቢንዱም ፊቷን ሳትሸፍን አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ፣ በጨፈነ ቁጥር ትቆጣው ጀመር።