ሥጋ በፍልሰታ

የኔታ ወልደ ሩፋኤል የዲማ የዜማ መምህር ናቸው። አምና የላይኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ተነቀለና ቀዳዳው እስከ አፍንጫቸው ዘልቆ ሳይዘጋ ቀረ። ውሃ ሲጠጡ ባፍንጫቸው ይመለሳል። እሱስ ይሁን! የባሰው ዜማው ነው። ድምፃቸውን ከፍ ሊያደርጉ ሲሉ ፉ... ብሎ በቀዳዳው ይሾልካል፣ ልክ ሳይዘጋ እንዳደረ መስኮት። ተማሪዎቹ ያፍሩላቸዋል፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። እንዲህ ከቀጠለ ወንበሩን ሊለቁ ነው፤ ከወንበሩ ሌላ ደግሞ ምንም የላቸውም።

ልጃቸው ዘሪቱ ጎትታ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አመጣቻቸው። ዶክተር ትሕትና አፋቸውን በመብራት አየችና፣

«የኔታ፣ አይስጉ። ሥጋ አምጥተን እንደፍነዋለን» አለች።

የኔታ ከወንበሩ ብድግ!

«ሥጋ? በፍልሰታ?»

«አዎ፣ ነገውኑ...»

«ዳዊት በምደግምበት አፍ? ከነቀዳዳዬ እቀበራለሁ እንጂ!»

ዘሪቱ ሳቋ አመለጣት። «አባዬ፣ የምን ሥጋ መሰለዎት?»

«የበሬ ነዋ! ሌላ ምን አለ?»

ዶክተሯ ጭምብሏን አወረደች፤ ለካ እሷም እየሳቀች ነው። «የራስዎ እኮ ነው የኔታ፣ ከጉንጭዎ ውስጥ። ደግሞ ቆርጠን አናወጣውም። ከነሥሩ፣ ከነደሙ ሳብ አድርገን ቀዳዳው ላይ እናለብሰዋለን። እዚያው ይይዛል።»

የኔታ ጉንጫቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«እሱማ አብሮኝ ሲጾም የኖረ ነው» አሉና ተቀመጡ።

በማግስቱ ማደንዘዣው ሲይዛቸው ፊታቸው እንደ ደመና ቀለለ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አፋቸው ሰፊ አዳራሽ ሆኖ ታያቸው፤ ዜማዎቹ አንድ ባንድ በጓሮ በር እየወጡ ጭጋግ ውስጥ ይገባሉ። ያኔ ስልሳ ዓመት ከጎን ተቀምጦ ሲያዳምጥ የኖረው ጉንጫቸው፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ቀስ ብሎ ተነሳና በሩ ላይ ጋደም አለ። ክር ሲሳብ ይሰማቸዋል፤ ግን ከሩቅ፣ ከማዶ መንደር የሚሳብ ነው የሚመስለው።

በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ወጣ። «በሉ፣ በቀስታ ይሞክሩ» አለች ዶክተሯ።

የኔታ ጀመሩ። መጀመሪያ ፈራ ተባ አሉ። ኋላ ድምፁ ወጣ፣ ላንቃቸውን ነካ፣ ሞቀ፣ ሞላ፣ በከንፈራቸው ሙሉውን ፈሰሰ። ዘሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ኮሪደሩ ላይ ያለው በሽተኛ ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ይበቃል የኔታ! ቁስሉ ገና ለጋ ነው!»

የኔታ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጉሮሮዬን መጥረጌ ነው» አሉና ቀጠሉ።