የሃይሩላህ ፉጨት የቀረ ሰሞን

ሃይሩላህ ማፏጨት ያቆመው ፉንዱቅ የምንለው የዛፍ ለውዝ ለቀማው አልቆ ፍሬው በየግቢው ተሰጥቶ በሚደርቅበት ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጉሙ ነው አልን፤ ጉም ሲወርድ ድምፅ ይታፈናል። በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፣ ያኔም ዝም። ታች መንገዱ ዳር ያለነው ሰዎች «ከተማ ወርዶ ይሆናል» ብለን ወደየሥራችን ተመለስን። መዲሃ ግን ሥራ እምቢ አላት።

መዲሃ ከመንደሩ ጫፍ፣ ደኑ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇ ጀርመን አገር ነው። ሃይሩላህ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሚስቱ ጉልሱም ከሞተች ወዲህ እሱም ብቻውን ቀርቷል። በሁለቱ ቤት መካከል ትንሽ ደን አለ፣ ከደኑ ቀጥሎ ጠባቡ ገደል፣ በገደሉ ላይ የእግር ድልድይ። መንገዱ አጭር ነው፤ ሻይ ጥዶ የወጣ ሰው ውሃው ሳይፈላ ማዶ ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ መዲሃ ከጉልሱም ለቅሶ ወዲህ ድልድዩን ረግጣው አታውቅም። ስትጠየቅ «ያዞረኛል» ትላለች። ማዞሩስ እውነት ነው። ግን ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቤት ምን ልትል ትሄዳለች? ይሄንንም ሁላችንም እናውቃለን።

የሚገናኙት በፉጨት ነበር። እኛ አገር በፉጨት ማውራት ብርቅ አይደለም። ገደል ወርዶ ገደል ከመውጣት ጣትን አፍ ውስጥ ከትቶ ቃሉን እንዳለ ማፏጨት ይቀላል። እኛ ከወላጆቻችን ተማርነው፤ ልጆቻችን ስልክ ሲይዙ ተዉት። በየቀኑ የሚያፏጩት በመጨረሻ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ጠዋት ጠዋት ሃይሩላህ ይጀምራል። «ነጋ! ተነሳሽ?»

«ድሮ! ላሜ ወተት ነሳችኝ!»

«ሰድበሻት ይሆናል!»

«አንተን እንጂ እሷን ምን በወጣት!»

እኔ ልብስ ሳሰጣ ይሄን ሁሉ እሰማለሁ። ሃይሩላህ ጎመኑ ላይ ጨው እንዳበዛ፣ መዲሃ ጉልበቷን እንዳመማት፣ የማን ዶሮ የማን ጓሮ እንደገባች፣ ሁሉን እናውቃለን። አንዳንዴ ባሌ ቤኪር ከሱቁ ደጅ ላይ ሆኖ መሃላቸው ይገባል። አንድ ቀን ሃይሩላህ የበቆሎ ዳቦ ጋገርኩ ቢላት ቤኪር ቀድሞ «ለኔም አስቀምጥልኝ!» ብሎ አፏጨ፤ መንደሩ በሙሉ ሳቀ። በፉጨት ማንሾካሾክ የሚባል ነገር የለም። ያፏጨኸው ነገር ሸለቆው እስከሚያልቅበት ድረስ የሁሉም ነው።

ፉጨቱ በቀረ በሦስተኛው ቀን መዲሃ እኔ ዘንድ ወረደች። መቀነቷን እንኳን በደንብ አላሰረችም።

«ሰባሃት፣ ሃይሩላህን ያየው ሰው አለ?»

«ኢስታንቡል ልጁ ጋ ሄዶ ይሆናላ» አልኳት።

«ሳይነግረኝ?» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ሳይነግረን ማለቴ ነው» አለች።

ቤኪር ማታ ሲመለስ ማዶ ሄዶ ያየዋል አልኳት። «እስከ ማታ ድረስ?» ብላ ዞረች። አብሬሽ ልምጣ ብላት ደግሞ «ምድጃ ውስጥ ዳቦ አለሽ፣ ያርርብሻል፤ ተቀመጪ» አለችኝ፤ ከደጄ ያገኘችውን ዱላ ይዛ ሽቅብ ወጣች።

የቀረውን የነገረችኝ እሷው ናት፤ ያውም ቆይታ፣ ቁርጥራጭ አድርጋ።

የደኑ መንገድ ሰው ስለማይሄድበት እሾህ ውጦታል። በዱላ እየገፋች ገባች። ጥዶቹ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል፤ መሬቱ እርጥብ ስለሆነ የራሷን ኮቴ እንኳን አትሰማም። ወፍ የለም። ስትሄድ ስትሄድ ሃይሩላህን ወለሉ ላይ ወድቆ አየችው፤ በሐሳቧ ማለት ነው። ዓይኑን ማን ከደነው? ጉሮሮውን ማን አራሰው? ከዚያ ሌላ ነገር መጣባት፤ የሃይሩላህ ፊት አሁን ምን እንደሚመስል አታውቀውም። ድምፁን ከስንት ድምፅ መሃል ትለየዋለች፣ ሲያዝንና ሲያሾፍ በፉጨቱ ታውቀዋለች፣ ፊቱ ግን የለቅሶው ቀን ፊት ነው። ጺም አሳድጎ ይሆን? ይሄን እያሰበች ሳለ እጇ ተነስቶ ሻሿን ሲያስተካክል ያዘችው። «አፈርኩ፣ ሰባሃት» አለችኝ። «ለሬሳ የምኳል መሰለኝ።»

ወንዙ ሳይታይ ነው የሚሰማው። እዚያ ጋ ገደሉ በጣም ከመጥበቡ የተነሳ የወዲያና የወዲህ ማዶ ዛፎች ከላይ ቅርንጫፋቸው ይነካካል። ታች ውሃው ነጭ ሆኖ ይፈላል፤ ሥሩ አይታይም፤ ቅዝቃዜው ብቻ ወደ ላይ ይነፍሳል። ድልድዩ ሁለት የብረት ገመድና በላዩ የተደረደረ ጣውላ ነው፤ በጎኑ መያዣ ገመድ ተወጥሮለታል። መሃሉ ላይ ጣውላ ጎድሏል፤ ያለውም አረንጓዴ ለብሷል። ከዳር ቆማ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አፏጨች። የውሃው ጩኸት ዋጠው። ደገመች። ከማዶ ምንም የለም።

ዱላዋን ጥላ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘችና በጎኗ መሻገር ጀመረች። ወደ ታች አላየችም። ጣውላው ከሥሯ ሲወዛወዝ፣ ልቧ እንዳይከዳት ጮክ ብላ እየተሳደበች ሄደች። «አንተ ሃይሩላህ! ሞተህ ካላገኘሁህ እኔው እገድልሃለሁ!»

ሃይሩላህ ደጁ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍል ነበር።

አገጩን በሻርፕ ጠቅልሎ ጫፉን አናቱ ላይ አስሮታል። ሲያያት ባቄላው ከጭኑ ፈሰሰ። ብድግ ብሎ አፉን በእጁ ከደነ።

«ደህና ነህ?» አለች መዲሃ፤ እንደለመደችው ገደል ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ ጮኻ።

«ደህና ነኝ!» ብሎ እሱም ጮኸ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?»

እጁን ከአፉ ላይ አነሳ። የፊት ጥርስ የሚባል አልቀረለትም። «ልጄ ኔርሚን መጥታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሰውየው ጠራርጎ ነቀለው። አየር ብቻ ነው የሚወጣልኝ፣ መዲሃ። ሞከርኩ። ዶሮዎቹ እንኳን አልዞሩም።» ቃሉ በድዱ መሃል እየሾለከ ነበር የሚወጣው።

«ሰው አትልክም ነበር?»

«ስልክ የለኝ፤ ማንን ልላክ? ዶሮዋን?»

መዲሃ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ እንባዋ ሲመጣ ተናደደች፤ ሻሿን አውልቃ ትከሻውን በሻሿ መታችው። «እኔ እሬሳህን ላነሳ እየመጣሁ! ያንን የተረገመ ድልድይ!»

«ሻይ ልጣድ?» አለ ሃይሩላህ።

ውስጥ ገቡ። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ይሄ ገርሟታል። ግን አልጋው ሥር የታሰረ ጓዝ አየች። ጠየቀችው። ኔርሚን ቅዳሜ በመኪና እንደምትመጣ፣ ኢስታንቡል እንደምትወስደው፣ አዲስ ጥርስ እዚያ እንደሚሠራለት ነገራት። «ለብርዱ ወራት ነው ትላለች።»

«ጥሩ ነዋ። በጸደይ ትመለሳለህ።»

«ላሜን ሸጣታለች» አለ።

ላም የሌለው ሰው ወደዚህ ተራራ አይመለስም።

ሻዩን ሲጠጡ ሃይሩላህ ድንገት «ምን ያስጮኸናል ግን?» አለ። እውነቱን ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተጯጯሁ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ክፍሉ ጠበበባት። ሰው እንዲህ በቅርብ፣ እንዲህ በዝግታ ካናገራት ስንት ዘመኗ።

«ጉልሱም በሞተች በዓመቷ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አለ፤ ብርጭቆውን እያየ።

«ምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም። ተናገረው።»

«ጠቅልለሽ ወዲህ ትመጫለሽ ወይ ብዬ።»

መዲሃ ስኳሩን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር። «ለምን አልጠየቅከኝም?»

«በምን ልጠይቅሽ? ሸለቆው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ እየሰማ? ያ የሰባሃት ባል ‹እሺ› ብሎ ሊመልስልሽ?»

«ድልድዩ እኮ ነበር፣ ሃይሩላህ። መምጣት አቅቶህ?»

«እሱስ ነበር» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አንቺስ?» አላት።

ምን እንደመለሰችለት ስጠይቃት «ምን እመልስለታለሁ?» አለችኝ። በዚያ ዓመት ቢጠይቃት ኖሮ ምን ትለው እንደነበር ብጠይቃትም «አሁን ምን ይፈይድልሻል፣ ተይኝ» ብላ ወሬውን ወደ ዳቦዬ አዞረችው።

የተፈለፈለውን ባቄላ በከረጢት አድርጎ ሰጣትና እስከ ድልድዩ ድረስ ሸኛት። የትኛው ጣውላ እንደላላ በጣቱ እያሳየ አንድ በአንድ ነገራት። ተሻግራ ዞር ስትል ቆሟል። እጁን አነሳ፤ በልማድ ሁለት ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ፤ ከዚያ አስታውሶ አወረደው። የሆነ ነገር በአፉ ተናገረ። ከውሃው ጩኸት የተነሳ አልሰማችውም። «እሺ!» አለችው እሷ፤ ለምኑ እሺ እንዳለች ሳታውቅ።

ቅዳሜ የኔርሚን መኪና ከማዶ በጥርጊያው ዞሮ ወደኛ መንገድ ወረደና ሱቁ ፊት ቆመ። ሁላችንም ወጣን። ሃይሩላህ የክት ኮቱን ለብሶ፣ መሃረቡን አፉ ላይ አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። መዲሃ ከኔ ጎን ቆማ ነበር፤ ጥቁር ጫማዋን አድርጋለች።

ኔርሚን ወርዳ የመዲሃን እጅ ሳመችና ቁልፍ ሰጠቻት። «እትዬ፣ አባባ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይሁን አለ። ቤቱ እንዳይሻግት አልፎ አልፎ ከፈት ያድርጉልን። ካላስቸገርንዎ።»

«ምን ችግር አለው» አለች መዲሃ።

ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ቤኪር አለ፣ እኔ አለሁ፣ የላይኛው ቤት አሮጊት አለች፣ አውቶብስ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁላችንም እያየን ነው።

«በደህና ግባ» አለችው።

«በደህና ሰንብቺ» አላት።

ተጨባበጡ። መኪናው ሄደ። እኔ ሲሰነባበቱ ሁላችንንም ጠራርጎ ሱቅ ውስጥ የሚያስገባ ዝናብ በመጣ ብዬ ተመኘሁ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

መጀመሪያ መጀመሪያ በኔርሚን ስልክ ይደውልላት ነበር። አዲሱ ጥርስ ሲናገር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከኋላ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ የልጅ ልጆቹ ይጮሃሉ። «ጉም ነው?» ይላታል። «ጉም ነው» ትለዋለች። «ጉልበትሽስ?» «አለ።» አንዴ በረንዳ ላይ ወጥቶ አዲሱን ጥርስ በፉጨት ሊሞክር ሲል የላይኛው ፎቅ ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ «ሽማግሌው፣ ልጅ አስተኝተናል!» እንዳለው ነገራት፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ስልኩ እየሳሳ ሄደ። የተጣሉት ነገር የለም። የሚሉት አልቆ ነው።

ጥር ላይ በረዶው መንገዱን በዘጋ ሰሞን፣ ከማዶ ከሃይሩላህ ጭስ ማውጫ ጭስ ሲወጣ አየሁ። መጣ ብዬ የቤኪርን ቦት ጫማ አጥልቄ ሽቅብ ወጣሁ። ደኑ ውስጥ በረዶው ላይ የአንድ ሰው ኮቴ አለ፤ የሚሄድም የሚመለስም፣ ትኩሱ ከአሮጌው ላይ የተደረበ፣ የተመላለሰበት መንገድ ሆኗል። ድልድዩ ላይ በረዶው ተጠርጎ የጎደለው ጣውላ በአዲስ ተተክቷል። ማን እንደሠራው እስካሁን አላውቅም፤ ቤኪር አልሠራሁም ይላል።

በሩን ገፋ ሳደርገው መዲሃ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ካልሲ ትሠራ ነበር። ጫማዋ በሩ ሥር፣ ሻሿ ማንጠልጠያው ላይ።

«መጣ እንዴ?» አልኩ እያለከለክሁ።

«ማን?»

«ሃይሩላህ ነዋ! ጭሱን አይቼ።»

«አይ» አለች። «ቤቱ እንዳይሻግት ብዬ ነው። እርጥበቱ ሳንቃውን እየበላው ነው።»

ሻይ ቀዳችልኝ፤ ትንሽ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ወደ ገደሉ ነው የሚያየው፤ ከዚያ የመዲሃ ቤት ጣሪያ ከጥዶቹ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ጭስ የለበትም። ቀኑ ሲያዘነብል «ተነሺ፣ ሳይጨልም አብረን እንሻገር» አልኳት።

«አንቺ ሂጂ» አለችኝ፤ አንድ ግንድ እሳቱ ላይ እየጨመረች። «እኔ እሳቱ ሲበርድ እመጣለሁ።»